ሲሰደብ ያጨበጨበው ታዳሚ

በርሊን ከተማ፣ በሽፕሬ ወንዝ ዳር፣ ሺፍባወርዳም በተባለው ጎዳና ላይ በሚገኘው ቴአትር ቤት፣ ኦገስት 31 ቀን 1928 እ.ኤ.አ. ምሽት «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። ድርሰቱ የበርቶልት ብሬሽት፣ ሙዚቃው የኩርት ቫይል ነው፤ መነሻው ግን እንግሊዛዊው ጆን ጌይ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በ1728፣ ለንደን ላይ ያሳየው «የለማኞች ኦፔራ» ነበር። ይህን የእንግሊዝኛ ሥራ ወደ ጀርመንኛ መልሳ ለብሬሽት ያቀረበችለት ኤሊዛቤት ሃውፕትማን ናት፤ ድካሟ ከሁለቱ ወንዶች ስም ጎን እምብዛም ሳይነሳ መቅረቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

እኔ በምኖርባት በዚህች ከተማ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለተሠራው ሙዚቃዊ ስላቅ ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚወደሰው ድፍረቱ ነው። ድፍረቱን አልክድም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ስላቅ የተሳለቀበት ሰው ራሱ ትኬት ገዝቶ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ሲሰደብ እያጨበጨበ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። ይህን ነገር ከአገራችን የአዝማሪና የቴአትር ታሪክ ጋር አስተያይቼ በተመለከትኩት ቁጥር፣ የስላቅን ጉልበት የምንመዝንበት ሚዛን ትክክል አለመሆኑ ይሰማኛል።

ዘመኑ ለስላቅ የተመቸ ነበር። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ከሥልጣን ሲወርዱ የቴአትር ሳንሱር አብሮ ቀረ፤ የአዲሲቱ ሪፐብሊክ የ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥትም፣ ለሲኒማ ልዩ ሕግ እንዲወጣ ከመፍቀዱ በቀር፣ ሳንሱር እንደማይኖር ደነገገ። በ1923 መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከአራት ትሪሊዮን ማርክ በላይ እስኪመነዘር ድረስ ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ፣ ዕድሜ ልኩን የቆጠበው ደመወዝተኛ ባዶ እጁን ሲቀር፣ በብድር ፋብሪካ የገዛው ነጋዴ ግን ዕዳው ተሰርዞለት ሲከብር ሕዝቡ አይቷል። እንዲህ ያለውን ያየ ሕዝብ፣ ሌባውና ባለሀብቱ አንድ ናቸው የሚል ድርሰት ሲቀርብለት ማብራሪያ አይጠይቅም።

የኦፔራው ታሪክ ይህንኑ ይነግረናል። ፒቸም የተባለው ሰው ለማኞችን በድርጅት መልክ ያደራጀ ነጋዴ ነው፤ የውሸት ቁስልና የተቀዳደደ ልብስ ያከራያቸዋል፣ የሚለምኑበትን ሰፈር ይደለድልላቸዋል፣ ከሚያገኙትም ድርሻውን ይወስዳል። ማክሂት ደግሞ ነጭ ጓንት የሚያጠልቅ ሽፍታ ነው፤ የለንደን ፖሊስ አዛዥ የወታደርነት ዘመን ጓደኛው ስለሆነ ማንም አይነካውም። መጨረሻ ላይ ሊሰቀል ገመዱ ፊት ሲቆም የንግሥቲቱ መልእክተኛ በፈረስ ይደርስና ምሕረት ብቻ ሳይሆን የመኳንንት ማዕረግ፣ ቤተ መንግሥትና በዓመት 10,000 ፓውንድ ጡረታ ያበስርለታል። በመካከሉ ተዋንያን ከታሪኩ ወጥተው፣ መብራቱ ተለውጦ፣ የዘፈኑ ርእስ በሰሌዳ ተጽፎ እየወረደ፣ ፊታቸውን ወደ ታዳሚው አዙረው ይዘፍናሉ። ከነዚህ ዘፈኖች አንዱ፣ ሆድ ሳይሞላ ስለ ግብረ ገብ አትስበኩን የሚለው፣ ከቴአትር ቤቱ ወጥቶ የጀርመን ተረት እስከ መሆን ደርሷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያውን ምሽት ያዩ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ አዳራሹ መጀመሪያ ላይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቀዝቃዛው ታዳሚ በድንገት የጋለው ማክሂትና የፖሊስ አዛዡ የወታደርነት ዘመናቸውን እያስታወሱ በሚዘፍኑት የመድፍ ዘፈን ላይ ነው። ጭብጨባው ከመብዛቱ የተነሳ ዘፈኑ እንዲደገም ተጠየቀ። ዘፈኑ የሚለው ምንድን ነው? በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ያገለገሉ ሁለት ወታደሮች፣ ቆዳው የተለየ ሌላ ዘር ሲያጋጥማቸው እንዴት ከትፈው ሥጋ እንዳደረጉት በደስታ ያወራሉ። ብሬሽት ይህን የጻፈው ቅኝ ገዢውን ሊያጋልጥ ነው። ቫይልም ለዚህ ግጥም እግርን የሚያስነሳ፣ የጃዝ ምት ያለው ዜማ የሰጠው በዜማው ደስታና በቃሉ ጭካኔ መካከል ያለው ርቀት ሰሚውን ያስደነግጠዋል ብሎ ይመስለኛል። አዳራሹ ግን አልደነገጠም፤ በእግሩ ምቱን እየመታ ድገሙልን አለ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሌላ ነገር ማሰቡ አይቀርም። ያ አዳራሽ ከጨፈረ ሰባት ዓመት በኋላ የሙሶሊኒ ጦር መርዝ ጋዝና መድፍ ይዞ ወደ አገራችን ገባ፤ ወታደሮቹም ስለ ጥቁሯ አቢሲኒያ እየዘፈኑ ነበር የመጡት። በርሊን ውስጥ ስላቅ ሆኖ የተደመጠው መዝሙር ሌላ ቦታ ያለ ምንም ስላቅ የሚዘመር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የዚያን ምሽት ጭብጨባ እንደ ኪነ ጥበብ ድል ብቻ አድርጎ መተረክ አይሆንልኝም።

የፖለቲካ ፈላስፋዋ ሃና አረንት በ1951 ስለ አምባገነንነት ባሳተመችው መጽሐፏ ውስጥ ይህንኑ ኦፔራ አንስታ፣ የበርሊን ከበርቴ በስድቡ ከመቆጣት ይልቅ እንደተደሰተበት፣ ሁሉም ሰው የጨዋነትን ጭምብል አውልቆ የወሮበላውን ሥርዓት በግልጽ እንዲቀበል ማበረታቻ እንደሆነው ጽፋለች። ፍርዷ ለብሬሽት የከበደ ነው፤ የጸሐፊው ሐሳብና የታዳሚው ድርጊት ሁለት ነገሮች ናቸው። ቢሆንም የተከተለው ነገር የእርሷን አስተያየት ያጠናክራል። በኦፔራው ስም የሚጠራ መጠጥ ቤት በበርሊን ተከፈተ፣ ዜማው በሸክላ ተቀርጾ በየዳንስ ቤቱ ተጫወተ፣ ብሬሽትና ቫይል በ1933 እስከ ተሰደዱበት ጊዜ ድረስም ሥራው ወደ 18 ያህል ቋንቋዎች ተተርጉሞ ነበር።

ኦፔራው የሚከፈተው በገበያ መካከል ቆሞ የማክሂትን ግድያዎች በሚዘረዝር ተዘዋዋሪ ዘፋኝ ነው። ጀርመኖች በየገበያው፣ በሥዕል ሰሌዳና በእጅ በሚዞር የሙዚቃ ሣጥን ታጅቦ የነፍሰ ገዳዮችን ታሪክ የሚያዜም ዘፋኝ የቆየ ልማዳቸው ነበር። ለእኛ ዘፋኙ ሩቅ አይደለም፤ አዝማሪ ነው። የአዝማሪ ስላቅ ግን የበርሊኑ የጎደለውን አንድ ነገር ይዟል፤ ታዳሚው ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል» ብሎ ስንኝ የሚሰጠው ታዳሚው ራሱ ስለሆነ፣ የተሰነዘረው ነቀፋ ከፊሉ የእርሱ ነው፤ ማን ምን እንዳለ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። በሺፍባወርዳም ወንበር ላይ በጨለማ የተቀመጠው ባለሀብት ግን ምንም የተናገረው የለም፤ የሚጠየቅበትም የለውም።

ይሁንና አዝማሪም ከዚያው ፈተና አላመለጠም። ሠርግ ላይ ስስታሙን እንግዳ ሲወርፈው፣ እንግዳው እየሳቀ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ነቀፋው በዚያው ቅጽበት ወደ ውዳሴ ይዞራል። የሚሰደበው ሰው ስድቡን መግዛት እስከቻለ ድረስ ምንም የሚያጣው ነገር እንደሌለ በዚህ አያለሁ። ገንዘብ የማይገዛው ነቀፋ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ከተፈጸመው የየካቲት ጭፍጨፋ በኋላ፣ ግራዚያኒ በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። ስለ መድፍ የተዘፈነውን ዘፈን በርሊን ሲያስደግመው፣ መድፍ ይዞ የመጣው ሰው ግን ማሲንቆ የያዘውን ፈራ።

ብሬሽትና ቫይል የጭብጨባው ነገር ሳይገባቸው አልቀረም ብዬ አምናለሁ፤ ቀጥለው ያቀረቡት ትልቅ ሥራ እንደ መጀመሪያው ታዳሚን የሚያባብል አልሆነምና። «የማሃጎኒ ከተማ መነሳትና መውደቅ» ማርች 9 ቀን 1930 በላይፕሲሽ ኦፔራ ቤት ሲቀርብ፣ የናዚ ደጋፊዎች ባሉበት ረብሻ አዳራሹ ታወከ። ታሪኩ ከሕግ ሸሽተው በበረሃ ከተማ ስለመሠረቱ ሦስት ሰዎች ነው። በከተማይቱ ገንዘብ ላለው ሁሉም ነገር ይፈቀዳል። ነፍስ ያጠፋው ሰው ለዳኞቹ ጉቦ ከፍሎ በነፃ ሲሰናበት፣ የጠጣበትን ውስኪ መክፈል ያቃተው ጂም ማሆኒ ግን ሞት ይፈረድበታል። እዚህ ላይ ሽፍታ የለም፣ ነጭ ጓንት የለም፣ በፈረስ የሚደርስ ምሕረትም የለም። ታዳሚው ራሱን የሚያይበት እንጂ የሚዝናናበት ገጸ ባሕርይ አላገኘም፤ ስለዚህ ተቆጣ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ቫይል ከጌዮርግ ካይዘር ጋር የሠራው «የብር ሐይቅ» ነው። የተራቡ ሥራ አጦች የምግብ መደብር ይዘርፋሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ዳቦ ሳይሆን አናናስ ይዞ ሲሮጥ ፖሊስ ተኩሶ ያቆስለዋል፤ ከዚያም ፖሊሱን ሕሊናው ያሠቃየዋል፣ ስለምን አናናስ ወሰደ እያለም ይብሰለሰላል። ይህ ሥራ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1933፣ በላይፕሲሽ፣ በኤርፉርትና በማግደቡርግ በአንድ ምሽት ተከፈተ። በውስጡ ስለ ቄሣር መገደል የሚናገር ዘፈን ስላለበት ማንን እንደሚያመለክት ማንም አልጠፋውም። በማርች መጀመሪያ ታገደ፤ ቫይልም በዚያው ወር ወደ ፓሪስ ሸሸ። ብሬሽት ቀደም ብሎ፣ ራይሽስታግ የተባለው የጀርመን ምክር ቤት በተቃጠለ ማግስት፣ አገሩን ለቆ ነበር። በ1928ቱ መክፈቻ የማክሂትን ግድያዎች የዘፈነው ኩርት ጌሮን አይሁዳዊ በመሆኑ በ1944 አውሽቪትስ ውስጥ ተገደለ። በ1931 በተሠራው ፊልም ላይ የፒቸምን ልጅ የተጫወተችው ካሮላ ኔኸር ደግሞ ከሂትለር ሸሽታ ሶቪየት ኅብረት ብትገባም፣ በዚያ ታስራ በ1942 ሞተች።

በእኛም አገር በዚያው ዘመን የተሠራ የቴአትር ስላቅ አለን። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የአማርኛ ቴአትር መነሻ ነው። የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው የሹማምንቱን ብልሹ አሠራር ነቀፉበት። ታዳሚዎቹ እነዚያው መሳፍንትና መኳንንት ነበሩ፤ እንደ በርሊን ከበርቴ ግን አላጨበጨቡም። ተኩላው ማን እንደሆነ ወዲያው ስለገባቸው፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሥራው ታገደ፣ ቅጂዎቹም ተሰበሰቡ። እገዳውን የሚያወድስ ሰው አይደለሁም፤ የአገራችንን ቴአትር ለዓመታት ወደ ኋላ አስቀርቶታል። ነገር ግን ያ አንድ ምሽት፣ ከታዳሚው ያገኘው ምላሽ ሲመዘን፣ ከመድፉ ዘፈን ምሽት የበለጠ ሥራውን የሠራ ስላቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በበዓል ዋዜማ ከአገር ቤት የሚተላለፉትን የቴሌቪዥን ቀልዶች እዚህ ሆነን እናያለን፤ ፍራንክፈርትና ሙኒክ ድረስ እየመጡ የሚጫወቱ ቀልደኞችም አሉን። ስለ ደላላው፣ ስለ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ከውጭ ስለመጣው ባለ ዶላር ይቀልዳሉ፤ ደላላውም ባለ ዶላሩም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ከሁሉም በላይ ይስቃሉ። ቀልደኞቹን አልወቅስም፤ ኑሯቸው ነው። የምለው፣ ሳቁ በበዛ ቁጥር ደፋር ቀልድ ቀረበ እያልን የምንጽፈውን ነገር እንድናቆም ነው። ብሬሽትን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ «እናት ዓለም ጠኑ» ብለው ወደ አማርኛ ሲያመጡት፣ የጦርነትን ነጋዴ ታሪክ በጦርነትና በረሃብ መካከል ለነበረ ሕዝብ አቀረቡት እንጂ፣ ጦርነትን በሩቁ ለሚያየው አልነበረም።

የአገር ፍቅርና የብሔራዊ ቴአትር ሰዎች «ፋቡላ»ን እንደገና ወደ መድረክ ያምጡት እላለሁ። ማሲንቆ ይግባበት፣ ታዳሚው «ተቀበል» የሚልበት ቦታ ይከፈትለት፤ መጀመሪያም የሚታየው በየክፍለ ከተማው አዳራሽ፣ ፋይል ይዞ ሲመላለስ የዋለው ባለጉዳይና ነገ ና ያለው ኃላፊ በአንድ ረድፍ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ተቀምጠው ይሁን።