«ሚክስ ላይ ይስተካከላል» ለምትሉን ሁሉ

«ማሲንቆውን የወሎ ልጅ ይምታው» ይባልና ዘፈኑ ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ እኛ ስቱዲዮ ይላካል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እሰየው። የሚላከው ግን ምንድን ነው? በቴሌግራም የተወረወረ አንድ ኤምፒ ስሪ! ቴምፖው (የምቱ ፍጥነት) አልተጻፈ፣ ቁልፉ (ዘፈኑ የተሠራበት መነሻ ድምፅ) አልተጻፈ፣ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱና የድምፃዊው መመሪያ ድምፅ አንድ ላይ ተጨፍልቀው፤ በዚያ ላይ ማስተር ተደርጎ፣ ማለትም የመጨረሻው ማጠናቀቂያ ተሠርቶለት፣ ጉልበቱ ጣሪያ ነክቷል። ማሲንቆ መቺው የራሱን ድምፅ ለመስማት ሄድፎኑን ያስጨምራል፣ ሄድፎኑ ወደ ማይኩ ያፈሳል። ነገ አቀናባሪው ከበሮውን ሲቀይር አሮጌው ከበሮ ከማሲንቆው ጀርባ ሆኖ ይንሾካሾካል። ይሄ ነው ሚክስ ላይ፣ ድምፆቹ ሲዋሐዱ፣ የሚስተካከለው?

ኤምፒ ስሪ ሲጨመቅ መነሻው ላይ ባዶ ዝምታ እንደሚጨመርበትስ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ወደ 25 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በእሱ ላይ የተቀዳው ማሲንቆ ከዋናው ፕሮጀክት ጋር ሲገጠም ኋላ ይቀራል፣ ከዚያ «ልጁ ይዘገያል» ተብሎ ይታማል። ልጁ ምን አደረገ?

የባሰው ደግሞ አለ። በ44.1 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና) የተሠራ ፋይል ሳይለወጥ የ48 ኪሎ ኸርዝ ፕሮጀክት ውስጥ ከተጫነ ዘፈኑ 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ቁልፉም አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ከፍ ይላል (ሴሚቶን በኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ነው)። አንድ ተኩል! ከኪቦርዱ የትኛውም ቁልፍ ጋር አይገጥምም። ክራሩ ሲጠብቅ ሲላላ ይዋላል፣ ጥፋቱ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ችክችካ ከሆነማ «ቴምፖው 120 ነው» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። በ6/8፣ እግር የሚረግጠውን ምት ስትቆጥሩ 120 የሆነው፣ ሶፍትዌሩ በሩብ ኖታ ሲቆጥረው 180 ነው። የቱን እንደቆጠራችሁ ጻፉ።

ቁልፉን ቀድሞ መንገር ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፤ ያለ ልኩ ሲላላ ድምፁ ይሞታል፣ ሲወጠር ይበጠሳል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቶ ደሴ ብርድ ውስጥ የገባ መሣሪያም ክፍሉን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፣ በየቴኩ (በየቅጂው) መሀልም መቃኘት አለበት። «ሰዓት ያባክናል» የምትሉት ይህንን ነው። ዋሽንት ደግሞ ጭራሽ አይቃኝም፣ ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል፤ ነፊው ለቁልፉ የሚሆነውን መርጦ እንዲመጣ ንገሩት እንጂ። ዘፈኑ መሀል ላይ ከባቲ ቅኝት ወደ ትዝታ ቅኝት የሚሻገር ከሆነ ክራሩ እንደገና ተቃኝቶ ለብቻ ይቀዳል፣ በአንድ ቴክ አያልቅም።

(የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የውጭ ድምፅ አያግድም። የባጃጁ ጡሩምባ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። የበሩን ክፍተት ድፈኑ።)

ድምፃዊውን ደግሞ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመውን ናሙና ብዛት) 1024 ላይ ትተው «ዝፈን» ይሉታል። በ48 ኪሎ ኸርዝ ይሄ መግቢያው ላይ ብቻ የ21 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ነው፣ መውጫው ሲጨመር ከ40 ያልፋል። የገዛ ድምፁን ዘግይቶ እየሰማ ማን ምት ይጠብቃል? ለቀረጻ ወደ 128 አውርዱት፣ ማስተር ላይ የተከመሩትን ፕለጊኖችም (የድምፅ ማስዋቢያ ፕሮግራሞች) አጥፉ።

ኦቶቱን (የድምፃዊን ዜማ የሚያርመው ፕሮግራም) ላይማ ደሜ ይፈላል። የአምባሰል አገር አጠገባችን እያለ የአምባሰልን ቅኝት በሜጀር ስኬል (በፈረንጁ ባለ ሰባት ኖታ መደብ) የሚያርሙ አሉ! ከሲ ከተነሳን ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። ሜጀር ስትሉት ዲ ፍላቷንና ኤ ፍላቷን ወደ ጎረቤት ይጎትታቸዋል፣ አምባሰልነቱ እዚያው ያልቃል። አምስቱን ብቻ ምረጡ፣ የማረሚያውን ፍጥነትም ዜሮ ላይ አታድርጉት፣ የድምፁን መርገብገብ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። አንቺሆዬ ከሆነ ባትነኩት ይሻላል፣ ያስፈለገውን ቃል ብቻ በእጅ አርሙ።

እንግዲህ ስትልኩ ዌቭ (ያልተጨመቀ ፋይል)፣ 24 ቢት፣ ሁሉም ትራክ ከዜሮ የሚነሳ፣ ክሊኩ (የምት መቁጠሪያው ድምፅ) እና መመሪያ ድምፁ ለየብቻ፣ ከመግቢያው በፊት ሁለት ባር ቆጠራ። ቴምፖውን፣ ቁልፉንና ቅኝቱን የፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ «የመጨረሻ የመጨረሻ 3» ስም አይደለም። ይሄ ሳይሟላ ሲቀርና ማሲንቆው እንደገና ሲቀዳ ለሁለተኛው ቀን ለመቺውም ለስቱዲዮውም የሚከፍለው ማን እንደሆነ አብራችሁ ላኩልን።