ማስተካከያ፦ ስለ ብላክ ሳባዝ አመሠራረትና የድምፅ ለውጥ

ስለ እንግሊዙ የበርሚንግሃም ከተማ የሄቪ ሜታል (ከባድ የሮክ ሙዚቃ) ባንድ ብላክ ሳባዝ ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደተመሠረተና ከመጀመሪያው አልበሙ ጀምሮ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ (ክሮቹን አላልቶ ድምፁ እንዲወፍር) ይቃኝ እንደነበር የተገለጸው ትክክል አይደለም። አራቱ የባንዱ አባላት፣ የበርሚንግሃም አስተን ሰፈር ልጆች፣ የተሰባሰቡት በ1968 ሲሆን፣ ብሉዝ ሲጫወቱ ቆይተው የሚታወቁበትን ስም የያዙት በ1969 ነው፤ 1970 የመጀመሪያው አልበም የወጣበት ዓመት ነው። የቅኝቱ ጉዳይ ደግሞ ለብዙ የኋለኞቹ የሜታል ባንዶች መነሻ ስለሆነ በጥንቃቄ መገለጽ አለበት። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በብረታ ብረት ፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጦበት ስለነበር፣ ከቀለጠ ፕላስቲክ በሠራው የጣት ቆብ ላይ ቆዳ ለጥፎ በቀጫጭን ክሮች ይጫወት ነበር፤ ክሮቹን በሦስት ግማሽ ድምፅ (ሰሚቶን) ዝቅ እንዲሉ አላልቶ ያንን ከባድና ጎርናና ድምፅ ያወጣው ግን በ1971 በወጣው ሦስተኛው አልበም ነው፤ ያውም በተወሰኑ ዘፈኖች ላይ ብቻ።