መጥኖ መደቆስ

ባሕር ዳር፣ ዘንባባው ሥር፣ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ መነሻ መስመር ላይ ከሁሉ ፊት የሚቆመው ሯጭ እንዳይመስላችሁ። ሰልፊ የሚነሣ ነው። ተኩስ ሲሰማ 20 ሜትር ይሮጥና ቀጥ ይላል፤ ቪዲዮው በቅቶታላ! ከኋላው አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ የሚጨርሰው ልጅ በየት ይለፍ?

መላው እኮ ቀላል ነው። በደረት ቁጥሩ ቀለም ፈጣኑን ከዘገምተኛው መለየት፣ መሐል ገመድ መወጠር፣ የኋለኛውን ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ መልቀቅ። የሯጩ ሰዓት መያዣ ቺፕ ካለ ማንም አይበደልም፤ የየራሱ ሰዓት የሚቆጠርለት መነሻው ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ካለፈ ጀምሮ ነው። በተኩሱ ሰዓት የሚዳኘው ለሽልማት የሚሮጠው ነው፤ ፊት መቆም ያለበትም እሱ። ቺፗ ደግሞ ከቁጥሩ ጀርባ የተለጠፈች ስስ ነገር ናት። አራት መርፌ ቁልፍ የሚሰጠው አራቱን ጥግ ለመያዝ እንጂ ወረቀቱን አጣጥፎ በአንዷ ለማንጠልጠል አይደለም። ስትታጠፍ አንቴናዋ ይበጠሳል፤ ከዚያ ውጤት ሲለጠፍ «ስሜን በሉት!»

መነሻ ካልን አይቀር፣ ንግግሩስ? «ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት» ይባላል። ሯጩ 12፡30 ላይ ማሟሟቅ ይጀምራል። የክብር እንግዳው 1፡40 ይደርሳሉ፣ ማይኩ ሲያፏጭ ይቆያል፣ ቀጥሎ «ብዙ አላረዝምም» ይመጣል። በጎጃም ምድር ይህን ብሎ ያላረዘመ ባለሥልጣን ካለ ይጠቆመኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ብርድ በካናቴራ ለቆመ ሰው ያሟሟቀው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የአገው ፈረሰኛ እንኳ ፈረሱን አሙቆ «ንግግር ስማ» አይለውም! መናገር ያማረው በሽልማቱ ጊዜ ይናገር።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ይህን የተናገረች ሴት ዛሬ ብትኖር የውኃው ኮሚቴ ለእሷ ነበር። የእኛው ኮሚቴ 3,000 ሯጭ፣ ሁለት የውኃ ጣቢያ፣ ስለዚህ 6,000 ጠርሙስ ብሎ ያባዛና እጁን ያራግፋል። አንዱን ጠጥቶ ሌላውን አናቱ ላይ የሚያፈሰውስ? ሦስት ታቅፎ ወደ ቤቱ የሚታጠፈውስ? ፀሐይ ከበረታ በኋላ እየተጎተተ የሚመጣውን፣ ከሁሉ በላይ ውኃ የሚያስፈልገውን ሰው ባዶ ካርቶን ይጠብቀዋል። ግማሽ የተሞላ ኩባያ ይበቃል። ጠረጴዛውም ግራና ቀኝ ተራርቆ ይደርደር፤ አንድ ቦታ ከተከመረ ሁሉም እዚያው ይተራመሳል። የጠርሙስ ክዳን አስፋልት ላይ እየተንከባለለ ስንቱን እንደሚጥል እግዜር ይወቀው።

ርቀቱንም በባጃጅ ለክተው «10 ኪሎ ሜትር» ይሉናል። ባጃጅ መሐል ለመሐል ትሄዳለች፤ ሯጭ መታጠፊያውን ጥግ ጥጉን ይቆርጣል፤ መንገዱ የሚያጥረው በዚህ ነው። በደንቡ የሚለካው ቆጣሪ በተገጠመለትና ልኩ በተፈተነ ብስክሌት፣ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። እንዳያጥርም በሺህ አንድ፣ ማለትም ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ይጨመርበታል። በባጃጅ ልክ የተሰበረ ክብረ ወሰን ለሠርግ ቤት ጨዋታ ይሁን።

ፊት ስለሚቆመው ነበር የጀመርኩት፤ ለነገሩ መጨረሻው ላይ የሚቆመው ይብሳል። ሜዳሊያ መስመሩ ሥር ከታደለ ሁሉም እዚያው ይገተራል። በድንገት የቆመ ሯጭ ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ይቀርና ያዞረዋል። እባካችሁ 50 ሜትር አራምዱት፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ሜዳሊያ፣ መጨረሻ ሻንጣ። ሻንጣውንም በቁጥር ተራ ደርድሩት እንጂ ድንኳን ውስጥ ወርውራችሁ «ፈልገህ ውሰድ» አትበሉ።