የቦዬን ወፍ ቆጥሮ ምን ይገኛል?

ጭቅጭቁን ያስነሳው አንድ ወረቀት ነው። የሰፈራችን ልጆች፣ አብዛኞቹ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ጅማ ከአዌቱ ወንዝ ዳር እየተነሱ እስከ ቦዬ ረግረግ በእግር ይሄዳሉ፤ ያዩትን ወፍ፣ ዛፍና እንስሳ ይመዘግባሉ። የሚከፍላቸው የለም። ከመካከላቸው አንዷ ወረቀቱን ይዛ ቡና የምንጠጣበት ቦታ መጣችና «እናንተ ድሮ የምታውቁትን ጨምሩልን» አለችን። ከዚያ በኋላ ቡናው በረካ እስኪደርስ ክርክሩ አላባራም።

ቀድሞ የተናገረው ቡና ነጋዴው ነው።

«ስሚኝ ልጄ፣ ቁጠሩ፣ እኔ አልጠላም። የምፈራው የቆጠራችሁትን የሚያነበውን ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1964 ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የተላኩ ሰዎች እዚህ አገር መጥተው የቡና ዘር ሰበሰቡ። ዘሩ ዞሮ ዞሮ ብራዚል ገባ። በፈረንጆቹ 2004 ብራዚሎቹ ከዚያ ዘር ከበቀለው ውስጥ በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው የሚባል ሦስት እግር ቡና አገኘን ብለው ለዓለም አወጁ። ያን ዘር ያቆየው ገበሬ ምን አገኘ? ጤፉስ? አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶ የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው በፈረንጆቹ 2018 ነው። እስከዚያ ድረስ የጤፍ ባለቤት ማን ነበር በይኝ?»

ልጅቷ ደነገጠች እንጂ አላፈገፈገችም። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ዘር አንወስድም። ፎቶ እናነሳለን፣ ስም እንጽፋለን።»

«ስሙና ቦታው ከተጻፈ ዘሩን መውሰድ ምን ያቅታል?»

ይሄ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባጃጅ የሚነዳው ወዳጃችን ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። «እህቴ፣ አበል አለው?» አላት። የለም አለችው። «እንግዲያው ሁለት ወር አይቆይም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰው ቅዳሜውን ወፍ ሲያይ ከዋለ ምን ይበላል?» አንዳንዱ ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም፤ በነጻ ተጀምሮ የቀረ ብዙ ነገር አይተናልና እውነቱን ነው። ልጅቷ ግን መልስ ነበራት። በየጥር የሚደረገው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ ከፈረንጆቹ 1967 ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው፣ አገራችንም ትሳተፍበታለች፣ ከቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው አለችው። እሱም «እነሱ ጋ ሰው ጠግቦ አድሮ ነው» ብሎ ስኒውን አነሳ።

ከሁሉም ጠንከር ብሎ የተቃወመው ጡረታ የወጣው የባዮሎጂ መምህር ነው። እኔ እሱ ይደግፋታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነበበና «ይሄ ዝርዝር ነው፣ ጥናት አይደለም» አለ። «ይቺ ጠዋት ጠዋት በጣራችን ላይ እየጮኸች የምታልፈዋ፣ ምንቁሯ ረጅምና ቆልማማ የሆነችው ወፍ፣ ሁለት ዓይነት ናት። አንደኛዋ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትገኛለች። ሌላዋ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም። ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ከታየ የኛዋ ናት። እናንተ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ጽፋችኋል። ዋንዛና ቢሳናስ? ቅጠላቸው ሰፋፊ ነው፣ ከሩቅ ያምታታል፤ የቢሳና ቅጠል ግን ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ ይሆናል። ይሄን የማይለይ ልጅ የጻፈውን ማን ያምነዋል?»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የሚጠቀሙበትን መተግበሪያ፣ አይናቹራሊስት የሚባለውን፣ አሳየችው። ፎቶው ሲላክ ሌሎች ሰዎች አይተው ስሙን ያርማሉ። አስተያየት ከሰጡት ከሦስት ሁለት እጁ በላይ ካልተስማማ መዝገቡ ለጥናት ብቁ አይባልም። ለመጥፋት የተቃረቡ የብዙ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ደግሞ መተግበሪያው ራሱ ያደበዝዘዋል። መምህሩ ትንሽ ለዘብ አለ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። «እሺ፣ ስሙ ታረመ እንበል። ያላያችሁትንስ ትጽፋላችሁ? ስንት ሰዓት እንደቆያችሁ፣ ስንት ሆናችሁ እንደሄዳችሁስ? አንድ ቅዳሜ አሥር ሆናችሁ፣ ሌላ ቅዳሜ ሁለት ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ ከዚያ ወፉ ቀነሰ ብትሉኝ፣ የቀነሰው ወፉ ነው ወይስ እናንተ?»

ዝም ተባለ። ያን ጊዜ ነው ቡና የምታፈላልን እትዬ ከረከቦቱ ቀና ያለችው።

«እኔ አልተማርኩም» አለች። «ግን ይሄን የጎዘጎዝኩትን ቄጤማ የምታመጣልኝ ሴትዮ አለች። ድሮ እዚሁ ቦዬ አፋፍ ላይ አጭዳ በጠዋት ትደርስልኝ ነበር። አሁን ወደ ውስጥ ርቃ ሄዳ ነው የምታገኘው፤ ዋጋውም ለዚያ ነው የጨመረው። ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ተክለውበታል፣ ለጡብም አፈሩን ይቆፍሩታል። ባለ ዘውዷን ትልቋን ወፍም ጥንድ ጥንድ ሆና ስትሄድ እናያት ነበር። ብትቆጥሩም ባትቆጥሩም ውኃው ከደረቀ ሁሉም ይሄዳል። ቆሻሻውን ከአዌቱ ብታወጡ አይሻልም?»

በዚያ ጠዋት ከተነገረው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው፣ እና ማንም አልጻፈውም። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ቁጭ ብላ ነበር፤ የቄጤማው ነገር የሚገባበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ዝርያ፣ ብዛት፣ ቀን፣ ቦታ፣ አለቀ። ሴትዮዋ ግን የረግረጉ ዳር ምን ያህል እንደሸሸ በእግሯ ለክታዋለች። ባለ ዘውዷ ወፍም በዓለም አቀፉ የቀይ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት አንዷ ናት፤ እትዬ ድሮ የት የት ታያት እንደነበር ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያባት ነው።

ለነጋዴው የመለሱለት በመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ብዙ ዓመት የሠሩት ሽማግሌ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። «አንተ» አሉት፣ «የምትገዛው 74110 የሚባለው በሽታ የሚቋቋም የቡና ዝርያ ከየት የመጣ ይመስልሃል?» ነጋዴው ዝም አለ። «ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እዚህ አገር መግባቱ የታወቀው በፈረንጆቹ 1971 ነው። ፍሬውን በእግሩ ላይ እያለ አጠቆረው። ጫካ ለጫካ ተኬደ፣ ሁሉ ተይዞ ያልተያዘ እግር ተፈለገ። 74 ያልነው ዘመኑን ነው። ያቺ እግር የተገኘችው መቱ አካባቢ ጫካ ውስጥ ነው። ያ ጫካ ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆንስ? እዚያ ምን እንዳለ ማንም ሳያውቅ ቢጠፋስ? ፈረንጅ ወሰደብኝ ትላለህ፣ እውነት ነው ወስዷል፤ ያለህን ሳታውቅ ግን የተወሰደብህንም አታውቅም።»

ነጋዴው «ያንን የሠሩት ደመወዝተኛ ባለሙያዎች ናቸው» አለ። መምህሩም ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ላይ ሰው መነሳት ጀመረ።

እኔ የምለውን ልበል። ከልጆቹ ጋር ነኝ። ባለሙያ የሚመጣው ፕሮጀክት ሲኖረው ነው፤ ወር ቆይቶ ይሄዳል። ቦዬን ክረምት ከበጋ፣ በየሳምንቱ ሊያይ የሚችለው እዚሁ የሚኖር ሰው ብቻ ነው፣ ያንን ደግሞ ደመወዝ ከፍሎ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት አላየሁም። መቁጠር ወንዝ አያጸዳም፣ እትዬ ልክ ናት። ቢሆንም ነገ አንዱ መጥቶ ረግረጉን ላደርቅ፣ ጡብ ላቃጥልበት ሲል «እዚህ ምንም የለም» እንዳይል የሚያስቸግረው በቀን በቀን የተጻፈ መዝገብ ነው። ያለ መዝገብ የምንናገረው ሁሉ ትዝታ ይባላል፣ በትዝታ ደግሞ ማንም መሬት አይከለከልም።

የመምህሩን ነቀፋ ግን ሙሉ በሙሉ ይቀበሉት። መንገዱ አንድ፣ መነሻ ሰዓቱ አንድ ይሁን፤ ሰው ቢጎድል እንኳ ስንት ሆነው እንደሄዱ ይጻፍ። ፈልገው ያጡትንም ይጻፉ፣ ባዶውን ቦታ ዜሮ ይሙሉት። እሱንም ይለምኑት፤ ወር ገባ ሲል አንድ ቅዳሜ አብሯቸው ቢሄድ ከማንኛውም መተግበሪያ ይበልጣል። ባጃጅ ነጂው ያነሳውም እንዳይደርስ ሁሉም ልጅ በየሳምንቱ አይሂድ፣ በተራ ይሁን።

የነጋዴውን ስጋት በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የትኛው ቅጠል ለየትኛው በሽታ እንደሚሆን፣ የትኛው ሥር እንዴት እንደሚቀመም፣ ሽማግሌ ቢነግራቸውም መተግበሪያው ላይ አይጻፉት። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን የማኅበረሰቡ ነው ይላል፤ እነዚህ ልጆች እሱን በነጻ የማደል ሥልጣን የላቸውም። ወፍና ዛፍ ይቁጠሩ፣ የመድኃኒቱን ነገር ለባለቤቱ ይተዉለት። የጫካ ቡና ያገኙ እንደሆነም ቦታውን በትክክል አያስቀምጡት፤ ቡናችን ራሱ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ አንድ ሰፊ ዓምድ ይጨመር፣ ሰው የነገራቸው የሚጻፍበት፤ መጀመሪያ የሚገባው የቄጤማዋ ሴትዮ ነገር ይሁን። የሁሉም ቅጂ በወረቀት ታትሞ እዚሁ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። አሁን ሁሉም ነገር ያለው በዚያች ልጅ ስልክ ውስጥ ነው፤ እሷ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተመድባ የት እንደምትሄድ አይታወቅም።