አስተናጋጁን ማንም አልጠየቀውም

ስለ ሳይንሳዊ ልቦለድ በሚደረግ ክርክር ውስጥ አንድ ጥያቄ አይታጣም። ረሃብ የጠፋበት፣ ገንዘብ የቀረበት፣ ከባዱን ሥራ ማሽን የተረከበበት የወደፊት ዓለም ይተረክና «ይህ ዩቶፒያ (ምናባዊ ገነት) ነው ወይስ ዲስቶፒያ (ምናባዊ ሲኦል)?» ይባላል። ተከራካሪዎቹም ምቾቱን በአንድ ወገን፣ ጉድለቱን በሌላ ወገን ደርድረው የቱ እንደሚያመዝን ያያሉ። እኔ ግን ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ይመስለኛል። አንድን ምናባዊ ዓለም ስንዳኝ መጠየቅ ያለብን በውስጡ ምን ምን እንዳለ ሳይሆን፣ ስለ እርሱ የሚነግረን ማን እንደሆነና እዚያ የሚኖር ሰው «አልፈልግም» ብሎ መውጣት ይችል እንደሆነ ነው።

ለዚህ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቤላሚ በ1888 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ካሳተመው «ሉኪንግ ባክዋርድ» ከተባለው ልቦለድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጁልያን ዌስት የተባለ የቦስተን ባለጸጋ በ1887 ተኝቶ በ2000 ይነቃል። የነቃባት ቦስተን ድሃና ሀብታም የማይለይባት ከተማ ናት፤ ሰው ሁሉ እስከ 21 ዓመቱ ይማራል፣ ከዚያም እስከ 45 ዓመቱ «የኢንዱስትሪ ሠራዊት» በሚባለው ውስጥ ያገለግላል፣ የቀረው ዕድሜ የራሱ ነው። ገንዘብ ቀርቶ እያንዳንዱ ዜጋ እኩል የዓመት ድርሻው የሰፈረበትን ካርድ ይዞ ከመንግሥት መደብር ይሸምታል። ደራሲው ለዚህ የሰጠው ስም «ክሬዲት ካርድ» መሆኑ፣ ዕዳ የሌለበት ክሬዲት ካርድ ማለሙም፣ ዛሬ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል። ሙዚቃ በስልክ መስመር እስከ መኝታ ቤት ይመጣል። መጽሐፉ በዘመኑ እጅግ ከተሸጡት የአሜሪካ ልቦለዶች አንዱ ሆነ፤ አንባቢዎቹም ሐሳቡን ሥራ ላይ ለማዋል በየከተማው ክበብ አቋቋሙ።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሞሪስ ግን መጽሐፉን አንብቦ ቅር ተሰኘ። ሞሪስ ለባለሀብቶች የሚቆረቆር ሰው አልነበረም፤ የታወቀ ሶሻሊስት ነበር። የከፋው ቤላሚ ሥራን እንደ ግዳጅ ቆጥሮ በማሽን ለማሳጠር ማሰቡ ነው፤ ለሞሪስ ተስፋው ሥራ ራሱ ደስታ የሚሆንበት ዓለም ነበር። ስለዚህ በ1890 የራሱን ሕልም ጻፈ፤ በእርሱ ለንደን የፓርላማው ሕንጻ የፍግ ማከማቻ ሆኗል። የግል ሀብትን ክፋት በተመለከተ የተስማሙ ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ገነት ለሌላው የጦር ሰፈር ሆኖ ታየው። ይህ ብቻ እንኳ ፍርዱ በዓለሙ ገጽታ ላይ እንደማይጻፍ ያሳያል።

እኔን የሚያቆመኝ ግን በቤላሚ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ትዕይንት ነው። እንግዳው ጁልያን በቤቱ ከተቀበለው ከዶክተር ሊት ቤተሰብ ጋር በሕዝብ መመገቢያ አዳራሽ ለማዕድ ተቀምጧል። የተማረ መሆኑ የሚያስታውቅ አንድ ወጣት አስተናጋጅ ምግቡን አቅርቦ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ጁልያን እንዲህ ያለ ወጣት ዝቅ ያለ ሥራ በደስታ መሥራቱ እንደገረመው ይናገራል፤ ዶክተሩም በእነርሱ ዘመን ዝቅ ያለ ሥራ የሚባል ነገር እንደሌለ በረጅሙ ያስረዳዋል። ዶክተሩ ራሱ በወጣትነቱ እዚያው አዳራሽ በአስተናጋጅነት እንዳገለገለ መናገሩን ልዘለው አልፈልግም፤ ይህ ለክርክሩ ትልቅ ድጋፍ ነው። ይሁን እንጂ ወጣቱ ደስተኛ መሆኑን የምናውቀው ከተቀመጡት ሰዎች ወሬ ነው። ሰሃኑን የተሸከመውን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

ሥራ መሥራት እየቻለ አሻፈረኝ ያለ ሰውስ? መልሱ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ እስኪስማማ ድረስ ለብቻው ታስሮ በዳቦና በውኃ ይቆያል። ቤላሚ ይህን የጻፈው አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም፤ እንደ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ጠቅሶት ነው ያለፈው። ነገሩ ከእርሱ አልጀመረም። «ዩቶፒያ» የሚለውን ስም በ1516 ያወጣው ቶማስ ሞር እንኳ በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ በሚሠራባት ደሴቱ ላይ ባሪያዎችን አስፍሯል፤ ያለ ፈቃድ ከአውራጃው ለሁለተኛ ጊዜ ወጥቶ የተገኘ ሰውም ቅጣቱ ባርነት ነው።

ይህን ነገር አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል እላለሁ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 የአበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን «የአማራ ተራራ» ሲጠቅስ፣ አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት እርሷ ናት እንደሚሉ አንሥቷል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ የኢየሱሳዊውን ቄስ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በ1735 ከተረጎመ በኋላ፣ በ1759 «ራስሴላስ»ን ጻፈ፤ ይህ መጽሐፍ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተመልሷል። በእርሱ ውስጥ የንጉሡ ልጆች በአማራ ምድር፣ ምንም ባልጎደለበት ሸለቆ፣ የብረት በር ተዘግቶባቸው ይኖራሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ንጉሡ ሊጎበኛቸው ሲመጣ በሩ ይከፈታል፤ አብረው የሚገቡት ዘፋኞችና ባለሙያዎች እዚያው ለመቅረት ይሽቀዳደማሉ። አንዴ በሩ የተዘጋበት ሰው መውጣት ስለማይፈቀድለት ግን፣ ብዙ የኖረበት ሰው ምን እንደሚሰማው በውጭ ያለው አይሰማም። የሚወራው የእንግዳው የመጀመሪያ ቀን አድናቆት ብቻ ነው። ልዑሉ ራስሴላስ በመጨረሻ ተራራውን በስተው ከሚያመልጡት አንዱ ይሆናል።

የዚህ ሁሉ መነሻ በአገራችን የነበረ እውነት ነው። የዙፋን ተቀናቃኝ እንዳይሆኑ መሳፍንቱ አስቀድሞ በግሸን አምባ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ ይጋዙ ነበር። ሩቅ ሆኖ የሰማው አውሮፓዊ ገነት ብሎ የጻፈለትን ሥርዓት እኛ የምናውቀው በሌላ ስም ነው፤ የአምባው ስምና የእስር ቤቱ ስም በአማርኛ አንድ ናቸው።

መለኪያዬ ግን የሚፈተንበት ቦታ አለ፤ እርሱም በ1932 የታተመው የአልደስ ሀክስሊ «ብሬቭ ኒው ዎርልድ» ነው። ከሥርዓቱ ጋር መስማማት ያቃተው ሰው እዚያ አይገደልም፤ መሰሎቹ ወዳሉበት ደሴት ይላካል። መውጫ በር ካለ ያ ዓለም ፈተናዬን አለፈ ማለት ነው? አይመስለኝም። ወደ ደሴት የሚላኩት ማሰብ የተፈቀደላቸው የላይኞቹ መደቦች ናቸው። ኤፕሲሎን የተባሉት የታችኞቹ ገና በብልቃጥ ውስጥ ሳሉ ኦክስጅን ተቀንሶባቸው፣ መውጣትን መመኘት የማይችሉ ሆነው ተሠርተዋል። ብትጠይቃቸው ደስተኞች ነን ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ስለዚህ «መውጣት ይችላል ወይ?» ከሚለው በፊት «መውጣትን መመኘት ይችላል ወይ?» የሚለው መቅደም አለበት። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው፤ ማንኛችንም ብንሆን ምኞታችንን ያገኘነው ካሳደገን ማኅበረሰብ ነውና ድንበሩን በቁርጥ ማስመር አይቻለኝም። የጽንስን ምኞት ገና በብልቃጥ መግታትና ልጅን ማሳደግ አንድ እንዳልሆኑ ግን ለማወቅ አይቸግርም።

በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም ያሳየን ምናባዊት አገር ዋካንዳም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ቅኝ ያልተገዛች፣ በሥልጣኔ ዓለምን የቀደመች አፍሪካዊት አገር ማየት ደስ አሰኝቶኛል፤ ዙፋኑ ግን በጡንቻ ፍልሚያ ይያዛል፣ ተራው ዋካንዳዊ ስለዚህ ምን እንደሚል ፊልሙ ብዙም አይነግረንም።

ወደ ቤላሚ ልመለስ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ «ኢኳሊቲ» በተባለው ተከታይ መጽሐፉ ዳቦና ውኃውን በሌላ ነገር ተካው። በአዲሱ ሕግ ድርሻውን ለመሥራት በጽኑ እምቢ ያለ ሰው አይታሰርም፤ የመረጠው ዘርና መሣሪያ ተሰጥቶት፣ ከቻለ የተሻለ ኑሮ እንዲፈጥር ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ወደ ተከለለ መሬት ይለቀቃል። ደራሲው ለገነቱ በር ሠራላት ማለት ነው፣ ይህም ያስመሰግነዋል። ይሁንና ዶክተር ሊት ያንን የተከለለ መሬት ለእንግዳው ለማስረዳት ምሳሌ ሲፈልግ፣ በጁልያን ዘመን «ሥልጣኔን አንቀበልም» ላሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ከተከለለው መሬት ጋር ያመሳስለዋል።