ዶፕለሩ ተገዛ፤ ባለሙያውስ?

ደም በአንጎል ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚፈስ ለማወቅ ዛሬ መርፌ አያስፈልግም፤ ዶፕለር የሚባል የአልትራሳውንድ መሣሪያ ይበቃል። እንደ ራጅ ያለ ጨረርም የለም። ጄል ይቀባል፤ ከጆሮ ከፍ ብሎ አጥንቱ ሳሳ ባለበት ቦታ መፈተሻው ይቀመጣል። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባና ከቀይ የደም ሴሎች ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ደሙ ወደ መፈተሻው እየመጣ ከሆነ የተመላሹ ድምፅ ድግግሞሽ ይጨምራል፣ እየራቀ ከሆነ ይቀንሳል። ፍጥነቱ የሚሰላው ከዚህ ልዩነት ነው። የኦስትሪያው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1842 ያቀረበው ስለ ከዋክብት ብርሃን እያሰበ መሆኑ ዛሬም ይገርመኛል።

ይህ ምርመራ ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎችን ማጭድ መሰል የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ ሕመም) ላለባቸው ልጆች የሕይወት ጉዳይ ነው። ሕመሙ የአንጎልን ደም ስሮች ያጠባል። ደም በጠበበ ቦታ ሲያልፍ ደግሞ ይፈጥናል። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ልጁ ለስትሮክ በእጅጉ ተጋልጧል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ያሉ ልጆች በየጊዜው ደም ሲሰጣቸው የስትሮክ አደጋው 90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስትሮኩ ሳይመጣ በፊት ማለት ነው! በሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ችግሩ ማሽኑ የሚያነበው እጅ ያሳየውን ብቻ መሆኑ ነው። የድምፁ አቅጣጫ ከደም ስሩ ጋር ካልገጠመ ፍጥነቱ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል 225 የነበረው 195 ይሆናል። ቤተሰቡም ሕክምና መጀመር ሲገባው «ለድጋሚ ምርመራ ተመለሱ» ይባላል። በዚያ ላይ ልጁ ሲያለቅስ ወይም እንቅልፍ ሲወስደው ፍሰቱ ራሱ ይቀየራል። ጎበዝ ባለሙያ ይህን ያውቃል። ልጁን ያረጋጋል፣ መፈተሻውን በትንሽ በትንሹ እያዘነበለ ከፍተኛውን ፍጥነት ይፈልጋል፣ እስኪያገኘውም አይቸኩልም።

ይህ ችሎታ በሁለት ቀን ሥልጠና አይመጣም። ብዙ ልጆችን በማየት፣ አጠገብ ቆሞ በሚያርም አስተማሪ ነው የሚመጣው። መፈተሻውን የሚመሩ ሶፍትዌሮች እየመጡ ነው፤ ይምጡ፣ ደስ ይለኛል። ግን የምታለቅስ የአራት ዓመት ልጅን ሶፍትዌር አያባብላትም።

ስለዚህ መሣሪያ ለመግዛት የሚፈርሙ ሰዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የባለሙያው ሥልጠና፣ የአስተማሪው ጊዜና የሠለጠነው ሰው እዚያው እንዲቆይ የሚያደርገው ደመወዝ በዚያው ውል ውስጥ ይግቡ።