ሌሊት ለውሃ መነሳት

ባለፈው ሀገር ቤት ለእረፍት በሄድኩ ጊዜ አንድ ሌሊት በውሃ ድምፅ ነቃሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እህቴ ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ በርሜሉን ተራ በተራ እየሞላች ነበር። መሀል ላይ የጎረቤቷን ግድግዳ መታ መታ አደረገችና «ውሃ መጥቷል!» አለች። ላግዛት ስነሳ «ተኛ አንተ፣ እኛ ለምደነዋል» አለችኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ቦታዋ መገኘት አለባት።

እኔ በምኖርበት ሀገር ለውሃ ብዬ ተነስቼ አላውቅም። ቧንቧ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ አለቀ። ስለ ውሃ ማሰብ ራሱ ከሕይወቴ ወጥቷል።

ስለ ሀብታምና ስለ ደሃ ሀገር ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ፎቁ፣ መኪናውና ደመወዙ ነው። እኔን አሁን የሚከነክነኝ ግን አንድ ቤተሰብ በየቀኑ የሚሸከመው ሥራ ነው። ሀብታም ሀገር ውስጥ ውሃውን የሚያመጣው፣ መብራቱን የሚያበራው፣ ቆሻሻውን የሚያነሳው ሌላ አካል ነው። ግብርህንና ሂሳብህን ትከፍላለህ፣ ከዚያ ትረሳዋለህ። ደሃ ሀገር ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሠራው እያንዳንዱ ቤት ነው። አቅም ያለው ታንከርና ጄኔሬተር ይገዛል። የሌለው በጀሪካንና በሻማ ይገፋዋል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ቧንቧ ያልገባለት ሰው ከሻጭ የሚገዛው ውሃ በሊትር ሲሰላ፣ ብዙ ቦታ ቧንቧ ያለው ሰው ከሚከፍለው ይበልጣል። ደሃ ሆኖ ውድ መክፈል!

ነገሩ የአንድ ሰፈር ችግርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳሉት በ2022 እ.ኤ.አ. በአስተማማኝ ሁኔታ የቀረበ የመጠጥ ውሃ የማያገኙ ሰዎች 2.2 ቢሊዮን ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ውሃ ከሌላቸው 10 ቤተሰቦች በ7ቱ ውሃ የመቅዳቱ ኃላፊነት በዋናነት የሴቶችና የልጃገረዶች ነው። እህቴ ቧንቧ ስላላት ከብዙዎቹ ትሻላለች።

ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ በ2010 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር፣ ልጅ ሳለ ቤታቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገባበትን ቀን ያነሳል። አያቱ ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ያጠቡ ሴት ነበሩ። ማሽኑ ሲያጥብ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። እናቱ ደግሞ ማሽኑ ባተረፈላት ጊዜ ልጇን ይዛ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመረች። ይህን ስሰማ ወዲያው የመጣችብኝ እህቴ ናት። ስንት የምታነበው ነገር በጀሪካን ውስጥ አልቋል?

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች አንድ አመል አለን። ሀገር ቤት ስንገባ «ሰው ሰዓት አያከብርም» እንላለን። እኔም ብያለሁ፣ አሁን ያሳፍረኛል። ሌሊት ለውሃ የተነሳ፣ ጠዋት ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈ፣ ለአንዲት ወረቀት «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው ሰዓቱን የት ያምጣው? እኔ በሰዓቱ የምደርሰው ባቡሩ በሰዓቱ ስለሚመጣ ነው። ጉዳዬን ስልኬ ላይ ስለምጨርስ ነው። ጨዋነት እየመሰለኝ ስኮራበት የኖርኩት ግማሹ የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው።

እርግጥ እዚህም የጎደለ አለ። ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖረውን ሰው ስሙን አላውቅም። ሌሊት ግድግዳውን መትቼ የምነግረው ነገር የለኝማ። ያም ሆኖ «ደሃ ሀገር ፍቅር አለ» እያልን ችግሩን ስናሳምረው አልወድም። እህቴ ጎረቤቷን የምትወደው ውሃ ስለጠፋ አይደለም። ውሃው ቢኖርም ትወዳታለች፣ ያውም እንቅልፏን ጠግባ።

ከተመለስኩ በኋላ ለታንከርና ለፓምፕ የሚሆን ገንዘብ ላክሁላት። አሁን ውሃው ሌሊት ራሱ ይሞላል፣ እሷም ትተኛለች። ጎረቤቷ ግን ውጭ ሀገር ዘመድ የላትም። እሷ አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለች።